የንጉሥ አርተር ፈረሰኞች ያስቃሉ፤ ሳቁን የሚያሳጡን ስህተቶች

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፈረሰኞች፣ ማለትም ናይቶች፣ ሲነሱ ብዙ ሰው የሚታየው ብረት የለበሰ ኮስታራ ሰውዬ ነው። ዘንዶ፣ ግንብ፣ የታሰረች ልዕልት። ደረቅ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ። ቀረብ ብዬ ሳነበው ግን ጸሐፊዎቹ ጨዋታ አዋቂዎች ሆነው አገኘኋቸው። ሳቁን የምናጣው በራሳችን ጥፋት ነው።

ሳቁን ብረቱ ላይ መፈለግ

"ጥሩሩ ከመክበዱ የተነሳ ፈረሰኛውን በማንሻ አንስተው ነበር ኮርቻ ላይ የሚያስቀምጡት" የሚል ወሬ አለ። ውሸት ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ የጦር ልብስ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ቢመዝን ነው። ክብደቱም መላ ሰውነት ላይ ይከፋፈላል። ቡሲኮ የተባለው የፈረንሳይ ማርሻል የራስ ቁሩን ብቻ አውልቆ፣ ጥሩሩን እንደለበሰ ይገለባበጥ ነበር ይላል የሕይወት ታሪኩ። በዚህ የሚስቅ ሰው በሌለ ነገር ነው የሚስቀው። የተረቶቹ ቀልድ ያለው ደንቡ ላይ ነው። የፍቅርና የክብርን ደንብ ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ምን ይሆናል? ጨዋታው ይኸው ነው።

ቶሎ ብሎ መጨረስ

አንድ ቀን ቡና ላይ ለጓደኞቼ በተረት የታወቀው የብሪታንያ ንጉሥ የአርተር ፈረሰኛ የሆነውን የላንስሎትን ታሪክ ነገርኳቸው። "ንግሥቲቱን ለማዳን ብሎ ጋሪ ላይ ወጣ፣ እሷ ግን ተቀየመችው" አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ። ሁሉም ዝም። ስኒ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል። አልፈረድኩባቸውም።

ታሪኩን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ፈረንሳዊው ገጣሚ ክሬቲየን ደ ትሯ ነው። እሱ አይቸኩልም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ስለ ጋሪ ያስረዳል። ያኔ ጋሪ ሌባና ነፍሰ ገዳይ እየተዋረደ የሚዞርበት ነበር። አንዴ የወጣበት ሰው ክብሩ አለቀለት። ጋሪ ያየ ሰው አማትቦ ፈጣሪውን ያስብ ይባል ነበር።

ላንስሎት የተጠለፈችውን የአርተርን ሚስት፣ ንግሥት ጊነቪርን፣ ፍለጋ ሲኳትን ፈረሱ ይሞትበታል። በእግሩ ሲሄድ ጋሪ የሚነዳ ድንክ ያገኛል። ንግሥቲቱን አይተህ እንደሆነ ንገረኝ ይለዋል። ድንኩም "ውጣ፤ ወሬዋን ነገ ትሰማለህ" ይላል። ክብር ወይስ ፍቅር? ላንስሎት ሁለት እርምጃ ያህል አመነታ። ከዚያ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የማያየው መከራ የለም። የከተማ ሰው ሁሉ ይሰድበዋል። ድልድይ ሆኖ በተዘረጋ ሰይፍ ላይ በባዶ እጁና በባዶ እግሩ እየደማ ይሻገራል። በመጨረሻ ንግሥቲቱ ፊት ሲቀርብ ፊቷን ታዞርበታለች። ምስኪን፣ ጋሪ ላይ በመውጣቴ አፍራብኝ ነው ብሎ ያስባል። ኋላ ምክንያቱን ስትነግረው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከመውጣትህ በፊት ሁለት እርምጃ አመንትተሃል! ላንስሎት አይከራከርም። ልክ ነዎት እመቤቴ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል።

ሁለቷን እርምጃ ከዘለላችሁ ምንም የሚያስቅ ነገር አይቀርም። ተራኪው ደግሞ አንዴም ፈገግ አይልም። እኔ ግን ገና ሳልጀምር እየሳቅኩ ነበር።

"እነሱ አልገባቸውም፣ እኛ ነን ያወቅንባቸው" ማለት

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። በ1485 የታተመው፣ እንግሊዛዊው ማሎሪ ስለ አርተር የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዲናዳን የሚባል ፈረሰኛ አለ። ተረበኛ ነው። አራዳም ነው። ቆንጆዋ ኢዞልድ፣ የበደሉኝን ሦስት ፈረሰኞች ስለ ፍቅሬ ትገጥማቸዋለህ ወይ ትለዋለች። በፈረሰኛ ወግ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ዲናዳን ግን፣ ካየኋቸው ሴቶች እንደ እርስዎ ቆንጆ የለም፣ ከሦስት ሰው ጋር ግን አልዋጋም፣ ጌታ ይጠብቀኝ ይላታል። ኢዞልድም ሳቀች ይላል መጽሐፉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ላንስሎት ከጥሩሩ በላይ የሴት ልብስ ደርቦ ወደ ግጥሚያ ይመጣል። ዲናዳንን ከፈረሱ ይጥለዋል። ከዚያ ጫካ ወስደው እስከ ሸሚዙ ያወልቁትና ቀሚስ አልብሰው ያመጡታል። ንግሥት ጊነቪር ስታየው ከሳቋ ብዛት ወደቀች። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ማሎሪ ነው። እነሱ ራሳቸው ሙድ ሲያያዙ ኖረዋል። ስለዚህ ሳቁ የት እንዳለ ግራ ከገባችሁ፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚስቁበትን ቦታ ፈልጉ።

ሳቁ ላይ ማቆም

በሌላው የክሬቲየን ታሪክ ፐርሲቫል ጫካ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ወንድሞቹ በፈረሰኝነት፣ አባቱም በእነሱ ሐዘን ስለሞቱ እናቱ ፈረሰኛ የሚባል ነገር ደብቃበታለች። የመጀመሪያዎቹን ሲያይ መላእክት መሰሉት። ስለ ሌላ ነገር ሲጠይቁት እሱ ጦሩን፣ ጋሻውን፣ ጥሩሩን እየነካ ምንድን ነው ይላል። እንዲህ ሆነህ ነው እንዴ የተወለድከው? ብሎም ይጠይቃል።

ከቤት ሲወጣ እናቱ ስለ ሴቶች ትመክረዋለች። ሴት ከፈቀደችልህ ሳማት፣ ቀለበቷን ከሰጠችህ ተቀበል። እሱ የያዘው ግማሹን ነው። ድንኳን ውስጥ ያገኛትን ሴት በግድ ይስማል፣ ቀለበቷን ይወስዳል፣ ምግቧን ቁጭ ብሎ ይበላል። ያስቃል ካላችሁ ትንሽ ቆዩ። ብዙ ገጽ ካለፈ በኋላ ያቺው ሴት ቡትቶ ለብሳ፣ አጥንቱ በወጣ ፈረስ ላይ ሆና ትመጣለች። ቀናተኛው ወዳጇ እየቀጣት ነው። እናቱም እሱ ሲሄድ ድልድዩ አጠገብ ወድቃ ነበር። ዞሮ አይቷታል፤ አልተመለሰም። ክሬቲየን መጀመሪያ አሳቀን፣ ቀጥሎ ሂሳቡን አመጣልን።

ለሁሉም ነገር የቀልድ ፍቺ መስጠት

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ14ኛው መጀመሪያ በተጻፉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከቀንድ አውጣ ጋር የሚዋጉ ፈረሰኞች ተስለዋል። አንዳንዱ ሰይፉን ጥሎ ተንበርክኳል። ምን ለማለት እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሳቁና እለፉ።

እኛን አይመለከትም ማለት

ጀርመናዊው ቮልፍራም ፎን ኤሸንባኽ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፐርሲቫልን ታሪክ እንደገና ሲጽፍ ፋይረፊስ የሚባል በአባት የሚገናኙት ወንድም ጨመረለት። እናቱ ጥቁር ንግሥት፣ አባቱ ነጭ ፈረሰኛ ናቸው። ልጁ ታዲያ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ነው። አልተጠመቀምና ቅዱሱ ግራል፣ ማለትም ተአምረኛው ድንጋይ፣ ፊቱ ቢቀመጥም አይታየውም። የሚታየው የተሸከመችው ቆንጆ ብቻ ናት። ከተጠመቅህ ታገኛታለህ ሲባል ጥምቀት በውጊያ የሚገኝ ከሆነ አሁኑኑ ውሰዱኝ ይላል። ወንድሙ በጣም ሳቀ፣ የቀድሞው የግራሉ ንጉሥ አንፎርታስ ደግሞ ከእሱ ብሶ ሳቀ ይላል ቮልፍራም።

ተጠመቀ፣ አገባት፣ ወደ ሕንድ ሄዱ። የወለዱት ልጅም ቄስ ዮሐንስ ተባለ። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አውሮፓውያን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈልጉት የኖሩት ንጉሥ ማለት ነው። በፈረንጆች 1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞችም ንጉሡን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር። በቮልፍራም ወግ ከሄድን፣ የዚያ ታላቅ ስም አባት ጥምቀትን ተዋግቼ ላግኘው ያለው ዥጉርጉሩ ሰውዬ ነው።