ትንሽና ብዥ ያለ ፎቶን በኤአይ እንዴት እናሳድጋለን?

ስልክ ላይ ሲያዩት ምንም የማይለው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይም ለህትመት ሲታሰብ ጉዱ ይወጣል። ጠርዙ ይሸራረፋል፣ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ጽሁፉ አይነበብም። ይህን የሚያስተካክሉ ነጻ የኤአይ (የሰው ሰራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች ዛሬ ሞልተዋል። አጠቃቀማቸውም ቀላል ነው፤ ፎቶውን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ጥሩ ውጤት የሚገኘው ግን ቁልፉ ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ በኋላ በሚሰራው ስራ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ኤአይ የጠፋውን ዝርዝር ፈልጎ አያመጣም፤ ይገምታል። 640 በ480 የሆነ ፎቶ 307,200 ፒክስል አለው፤ ፒክስል ማለት ፎቶው የተሰራባት ጥቃቅን የቀለም ነጥብ ናት። በወርድም በቁመትም 4 እጥፍ ስናሳድገው 2560 በ1920 ይሆናል፤ ወደ 4.9 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። 16 እጥፍ አደገ። ከእያንዳንዱ 16 ፒክስል 15ቱ በዋናው ፎቶ ላይ አልነበሩም። የድሮው መንገድ እነዚህን የሚሞላው የጎረቤት ፒክስሎችን ቀለም በማቀላቀል ስለሆነ ፎቶው ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ኤአይው ግን የሰለጠነው እጅግ ብዙ ጥሩ ፎቶዎችን ከተበላሹ ቅጂዎቻቸው ጋር እያስተያየ ነው። ስለዚህ ብዥታውን አይቶ፣ እዚህ ጋ ጸጉር መሆን አለበት፣ እዚህ ደግሞ ቅጠል ብሎ ይስላል። በ2014 የወጣው ኤስአርሲኤንኤን የሚባለው ሞዴል (የሰለጠነ ኤአይ) መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነው። ብዙ ነጻ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ሪል-ኢኤስአርጋን ደግሞ በ2021 ወጣ።

1. የተሻለውን ቅጂ ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይሄ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ፎቶ በሜሴጅ አፕ የመጣ ከሆነ በመንገድ ላይ ተጨምቋል። የላከላችሁን ሰው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ይህን ይፈቅዳሉ። የፎቶ ስክሪንሾት ከሆነማ ጭራሽ አትነካኩት፤ ዋናውን ፈልጉ። የወረቀት ፎቶ ከሆነ ደግሞ በስልክ ከማንሳት በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 600 ነጥብ) ማስገባት ይሻላል። አንዳንዴ እዚህ ላይ ስራው ያልቃል፤ ኤአይም አያስፈልግም።

2. ምን ያህል እንደምትፈልጉ አስሉ

ለህትመት የተለመደው ልክ 300 ዲፒአይ ነው። በዚህ ልክ ኤፎር ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ ግን 1200 በ1800 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ወርዱ 1000 ፒክስል የሆነን ፎቶ ለኤፎር ለማድረስ 2 ተኩል እጥፍ በቂ ነው። 8 እጥፍ ማድረግ ስህተቱን ያበዛል እንጂ ፎቶውን አያሳምርም። ከሩቅ ለሚታይ ባነር ደግሞ 300 ዲፒአይ አያስፈልግም።

3. ከማሳደግ በፊት አጽዱ

የማትፈልጉትን ጠርዝ ክሮፕ አድርጉ (ቁረጡ)፣ የተጣመመውን አቅኑ። ከዚያ ዙም አድርጋችሁ በጥንቃቄ እዩ። ጄፔግ የሚባለው የተለመደ የፋይል ዓይነት ፎቶን የሚጨምቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። ብዙ ሲጨመቅ እነዚህ ካሬዎች በፊደላትና በጠርዞች አካባቢ ለዓይን ይታያሉ። ፕሮግራሙ የእውነት ቅርጽ ናቸው ብሎ ሊያደምቃቸው ይችላል። ካሬዎቹ ጎልተው ከታዩ መጀመሪያ ለስለስ ያለ የኖይዝ (የፎቶ ላይ ነጠብጣብና ቆሻሻ) መቀነሻ ተጠቀሙ።

ሻርፕ (ጠርዝ ማድመቅ) ግን አታድርጉ። ሻርፕ ሲደረግ በጠርዙ ዙሪያ የሚፈጠረው ነጭ መስመር ከፎቶው ጋር አብሮ ይተልቃል። ሌላም አለ፦ ፎቶው ብዥ ያለው ካሜራው ስለተንቀሳቀሰ ወይም ፎከስ ስለሳተ ከሆነ ችግሩ የመጠን አይደለም። ማሳደግ እሱን አይፈታም፤ ትልቅ ብዥታ ነው የምታገኙት።

4. ፕሮግራሙን አስነሱ

ለጀማሪ የምመርጠው አፕስኬይልን ነው። ነጻና ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም ሊያየው የሚችል) ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሰራል። ዋናው ጥቅሙ ስራውን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ መስራቱ ነው፤ ፎቶው የትም አይሄድም። ቩልካን የሚባለውን ቴክኖሎጂ የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ ግን ይፈልጋል። በብራውዘር የሚሰሩ ድረገጾችም አሉ፤ ነገር ግን መታወቂያ፣ የልጆች ፎቶ ወይም ሰው እንዲያየው የማትፈልጉትን ነገር እዚያ ላይ አትጫኑ። ፎቶሾፕ ያላችሁ ደግሞ ካሜራ ሮው በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ሱፐር ሪዞሉሽን የሚባለውን ሞክሩ። በ2021 የገባ ሲሆን ወርዱንም ቁመቱንም በእጥፍ ያሳድጋል።

አፕስኬይልን ስትከፍቱ ምርጫዎቹ በተራ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ምረጡ፣ ሞዴሉን ምረጡ፣ ስንት እጥፍ እንደምትፈልጉ ወስኑ፣ የሚቀመጥበትን ፎልደር አሳዩት፣ ከዚያ አስጀምሩት። ሜሞሪ አልበቃኝም ብሎ ካቆመ ሴቲንግ ውስጥ ታይል ሳይዝ የሚባለውን ቁጥር ቀንሱ፤ ፎቶውን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ ይሰራዋል።

ሞዴል አመራረጥ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። ለስዕልና ለካርቱን የተሰራው ሞዴል መስመር ያደምቃል፣ ቀለሙን ያለሳልሳል። የሰው ፎቶ ላይ ስትጠቀሙት ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል። ለፎቶ መነሻ የሚሆነው ስታንዳርድ የሚለው ነው። ሁለት ሦስት ሞዴል ሞክራችሁ ጎን ለጎን ብታዩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ሎጎ ከሆነ ግን በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ተስሎ የፈለጉትን ያህል ቢያድግ በማይደበዝዝ ስዕል) እንደገና መሳል ከየትኛውም ሞዴል ይሻላል።

5. በ100 ፐርሰንት ዙም መርምሩ

መጀመሪያ ስታዩት ዋው ያሰኛል። አትመኑት። ዙሙን 100 ፐርሰንት ላይ አድርጉና ዓይንን፣ ጥርስን፣ ጣትን፣ ጸጉርና ግንባር የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። ኤአይ የሚቀባጥረው እዚህ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ወደተለያየ አቅጣጫ ያያሉ፤ ጥርስ ከቁጥር ያልፋል።

ፊት ለብቻው ጉዳይ ነው። ጂኤፍፒጋን እና ኮድፎርመር የሚባሉ ፊትን ብቻ የሚያድሱ ሞዴሎች አሉ። የሚያወጡት ፊት ጥርት ያለ ነው። ጥያቄው፣ የማን ፊት ነው? በ2020 ፐልስ የሚባል ሞዴል ፒክስሉ እጅግ ተቀንሶ የደበዘዘውን የባራክ ኦባማን ፎቶ ሲሰጡት የነጭ ሰው ፊት አድርጎ አወጣው። ሞዴሉ የሚያውቀውን ዓይነት ፊት ነው የሳለው። በኮድፎርመር ላይ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መቆጣጠሪያ አለ፤ ወደ 0 ሲጠጋ ፊቱ ያምራል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ዋናውን ይመስላል። እኔ ወደ 1 ማድላት ይሻላል ባይ ነኝ። ካለቀ በኋላም ሰውየውን በደንብ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። «ማነው ይሄ?» ካለ ወደኋላ ተመለሱ።

ጽሁፍም እንዲሁ ያታልላል። በእኛ ፊደል «ቡ»ን እና «ቢ»ን የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት፤ ወገብ ላይ ከሆነች «ቡ»፣ እግር ስር ከሆነች «ቢ»። ብዥ ባለ ፎቶ ላይ ይህች ጭረት ሁለት ሦስት ፒክስል ብትሆን ነው። ኤአይው ደመቅ አድርጎ ይስላታል፤ ግን የት ጋ? ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገርም ሊያወጣ ይችላል። ጽሁፉ ምን እንደሚል ካወቃችሁ በአርታኢ ፕሮግራም ላይ እንደገና ጻፉት። ካላወቃችሁ ደግሞ ኤአይው ባወጣው አትማሉ። የመኪና ታርጋም ሆነ ለማስረጃ የሚቀርብ ፎቶ በዚህ መንገድ አይነበብም፤ የምታነቡት ግምቱን ነው።

6. ትንሽ መልሱት

ውጤቱ ከመጠን በላይ የጠራና የላስቲክ መልክ ያለው ሲሆን አንድ ዘዴ አለ። ዋናውን ፎቶ በተራ መንገድ ወደ እኩል መጠን አሳድጉት። የኤአይውን ቅጂ ከላዩ ሌየር (ተደራቢ ንጣፍ) አድርጋችሁ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የሚሸፍንበትን መጠን፣ ወደ 70 ፐርሰንት አውርዱ። ትንሽ ግሬይን (እንደ ፊልም ፎቶ ያለ ጥቃቅን ነጠብጣብ) ጨምሩበት። ቆዳው ቆዳ መምሰል ይጀምራል። 4 እጥፍ አሳድጎ መልሶ ወደ 2 እጥፍ ማሳነስም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነገር ያወጣል።

ስራው እስኪያልቅ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ፣ አስቀምጡ፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይጨምቃል። የመጨረሻውን ቅጂ ለመላክ ብቻ ወደ ጄፔግ ቀይሩት። አዲሱን በዋናው ፎቶ ላይ አስቀምጣችሁ ዋናውን አታጥፉት፤ ለአዲሱ ሌላ ስም ስጡት። የተሻለ ሞዴል ሲመጣ እንደገና የምትጀምሩት ከዋናው ነው እንጂ ኤአይ አንዴ ከገመተው ላይ አይደለም።