ጓደኛችሁ ጥሻ ውስጥ ሲገባ እንዴት ትደርሱለታላችሁ

ዳዊትና ዮናታን ሲነሱ ቶሎ ትዝ የሚለን ዮናታን ካባውን፣ ሰይፉንና ቀስቱን ለዳዊት የሰጠበት ቀን ነው፣ እኔን ግን በጣም የሚነካኝ 1ኛ ሳሙኤል 23 ላይ ያለችው አጭር ታሪክ ናት። ዳዊት ዚፍ ምድረ በዳ ጥሻ ውስጥ ተደብቋል፣ ንጉሡ ሳኦል በየቀኑ ያሳድደዋል፣ ዮናታን ደሞ የዚያው የሳኦል ልጅ ነው፣ ዙፋኑን የሚጠብቀው እሱ ነበር፣ ግን ተነስቶ ጥሻው ድረስ ሄደና እጁን በእግዚአብሔር አጸናለት። እናንተም ከዚህ ጀምሩ፣ ተነስታችሁ ሂዱ።

"የምትፈልገው ነገር ካለ ደውልልኝ" ብላችሁ አትተዉት። የተጎዳ ሰው አይደውልም፣ ሰው ማስቸገር ይመስለዋል። "ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ" በሉትና ሂዱ፣ ሩቅ ከሆነ ደውሉ፣ ካላነሳ ቮይስ ላኩለትና መልስ አትጠብቁ።

ስትደርሱ ለማውራት አትቸኩሉ። የኢዮብ ሶስት ጓደኞች 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ጓደኞች ነበሩ፣ ነገሩ የተበላሸው "በድለህ ነው" ማለት ሲጀምሩ ነው። እኔ ከባድ ሐዘን ላይ የነበርኩ ጊዜ ብዙ ሰው ጥቅስ በቴክስት ላከልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንድ ጓደኛዬ ግን መጥቶ ስልኩን ሳይለንት አርጎ ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሲመሽ "ልጸልይልህ?" አለኝ፣ ስሜን ጠርቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጸለየና ጫማውን አስሮ ሄደ፣ በማግስቱም መጣ። ከዚያ ሁሉ ቀን ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ እሱ ጫማውን ሲያስር ነው።

ዮናታን ግን ዝም ብሎ ብቻ አልተመለሰም። "አትፍራ፣ የአባቴ የሳኦል እጅ አያገኝህም፣ በእስራኤል ላይ ትነግሳለህ" አለው፣ ማለት ዳዊት በድካሙ ብዛት ሊረሳው የሚችለውን የእግዚአብሔርን ሐሳብ አስታወሰው። ጓደኛችሁ በደህናው ጊዜ "ጌታ እንዲህ ብሎኛል" ያላችሁን ነገር አስታውሱና ቀኑ ሲጨልምበት ያንኑ መልሳችሁ ንገሩት፣ ከራሳችሁ ተስፋ አትፍጠሩለት።

እሱ በሌለበትም ቁሙለት። ምዕራፍ 19 ላይ ዮናታን አባቱ ፊት ስለ ዳዊት መልካም ተናግሯል፣ በኋላ ደሞ ለሱ ሲከራከር ጦር ተወርውሮበታል። ግሩፕ ላይ ስሙ ሲነሳ ዝም አትበሉ፣ ያጠፋው ነገር ካለ ደሞ ለብቻው ንገሩት፣ ማቴዎስ 18 የሚለው ይሄንኑ ነው።

የመጨረሻው ብዙዎቻችን የምንረሳው ነው። ዮናታን ጊልቦአ ተራራ ላይ ከሞተ በኋላ ዳዊት ነግሶ "ስለ ዮናታን ቸርነት የማደርግለት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለ?" ብሎ አስፈለገ። እግሮቹ ሽባ የሆኑትን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ከሎዶባር አስመጣው፣ የአያቱን መሬት መለሰለት፣ ሁልጊዜም ከገበታው አበላው። ጓደኛችሁ ካረፈ የእናቱን ወይ የልጆቹን ስልክ ያዙ፣ ለቅሶው ላይማ ሁሉም አለ፣ እናንተ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ በሶስተኛው በአራተኛው ወር ደውሉላቸው።