ገንዳ ሳይገቡ ለውድድር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ተነስቶ ለልምምድ ገንዳ ድረስ የሚሄድ ዋናተኛ ድካሙ ይገባኛል። ታክሲ ይጠበቃል፣ መንገዱ ይዘጋጋል፣ የመግቢያው ዋጋም ቀላል አይደለም። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፋችሁ ያገኛችኋትን አንድ ሰዓት ዝም ብላችሁ ስትመላለሱ ከጨረሳችኋት በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ከፊሉን ስራ ውጭ ጨርሱት።

መጀመሪያ፣ ከቤት ሳትወጡ ደብተር ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። "ዛሬ በደንብ እዋኛለሁ" አይሆንም፣ ምኑም አይያዝም። "ግድግዳውን ገፍቼ ስወጣ በመጀመሪያው ቀዘፋ አልተነፍስም" ብትሉ ግን ማድረግ አለማድረጋችሁን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው በምናብ መዋኘት ነው፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይሄንን ነው። ማታ አልጋ ላይ ወይም ሚኒባስ ውስጥ አይናችሁን ጨፍኑ። የስልካችሁን ስቶፕዎች አስነሱና ውድድሩን ከፊሽካው ጀምራችሁ ግድግዳውን እስክትነኩ በትክክለኛው ፍጥነት ዋኙት፦ የክሎሪኑ ሽታ፣ እግራችሁ ስር ያለው ቀዝቃዛ ሴራሚክ፣ መታጠፊያው፣ መጨረሻ ላይ ክንዳችሁ ሲከብድ፣ ሁሉም ይኑር። 100 ሜትር የምትጨርሱት በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሆኖ በሃሳብ በ50 ሰከንድ ከደረሳችሁ የዘለላችሁት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ መታጠፊያው ነው።

የሚበላሸውንም አስቡ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት ምንም አይታየውም ነበር። ቀዘፋውን እየቆጠረ ሄዶ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። ከአሰልጣኙ ከቦብ ቦውማን ጋር ውድድሩን ችግሩን ጭምር በሃሳቡ ሲለማመድ ስለኖረ አልደነገጠም።

እናንተም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ቀዘፋ እንደሚፈጅባችሁ ቁጠሩ። የሆቴል ገንዳ ሁሉ 25 ሜትር ስላልሆነ ርዝመቱን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቁጥራችሁንም ከዚያው ገንዳ ጋር ብቻ አወዳድሩ። ቀዘፋው ቀንሶ ሰዓቱ ካልጨመረ ጥሩ ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ ብቻውን ያታልላል፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ የተንሳፈፈ ሰውም ቀዘፋው ያንሳል።

ስለ ትንፋሽ አንድ ነገር አደራ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቶሎ ብታለከልኩ ስንፍና አይደለም፣ በዙሮች መካከል ዕረፍት ጨምሩ። ቶሎ ቶሎ በረጅሙ ተንፍሶ ውሃ ስር ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ግን ፈጽሞ አትሞክሩ። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይሰምጣል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን።

ከልምምድ በኋላ፣ ፀጉራችሁ ሳይደርቅ፣ የተሳካውንና ያልተሳካውን አስፍሩ። ከቤት ሳትወጡ የጻፋችሁትን ነገር ግን ልምምዱ ሳይጀመር ለአሰልጣኛችሁ ንገሩት፣ ከውጭ ሆኖ እናንተ የማታዩትን ያይላችኋል። ሌላ ስራ ከሰጣችሁ የሱን አስቀድሙ፣ የናንተ ለነገ ይቆያል።