የሐይቃችንን ጉዳይ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዴት እናንሳ?

አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ ስጠብስ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ደለል፣ የከተማው ቆሻሻ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። «ሐይቁ እየተጎዳ ነው» ብቻ ብላችሁ ግን አትቀመጡ። ዝናብ እንዳባራ ወርዳችሁ የትኛው ቦይ ምን እንደሚያስገባ እዩ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፉ። እኔ አንዴ ባዶ እጄን ሄጄ የሚሰማኝ አጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ለዚህ ቦይ ማጣሪያ በሚቀጥለው በጀት ይያዛል ወይ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ መጠየቅ ረፍዷል፤ ጥር፣ የካቲት ላይ ጀምሩ። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር በሉ።