መርሳት ለጀመራቸው አረጋውያን የድጋፍ ቡድን አመራር

ከ6 እስከ 8 አባላትና ሁለት አስተባባሪዎች ይበቃሉ። አንዱ ውይይቱን ሲመራ ሌላው የደከመውንና ዝም ያለውን ይከታተላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጨዋታው ይፈጥናል፤ ጆሯቸው የደከመ ሰዎች ቀድመው ከወሬው ይወጣሉ።

አባላቱ አስቀድመው ሐኪም ያያቸው መሆን አለባቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ማስታወስን ያዳክማሉ፤ አብዛኞቹ መፍትሔ አላቸው። መለስተኛ የማስታወስ ችግር ያለበት ሁሉ ወደ ከባዱ የመርሳት በሽታ እንደማይሄድ፣ አንዳንዱ ባለበት እንደሚቆይ ወይም እንደሚሻሻል ለቤተሰቡ ይንገሩ።

በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ክፍል ተገናኙ፤ ቢቻል ጠዋት። 90 ደቂቃ፣ በመሃል እረፍት ያለው። አስተባባሪው መስኮት ከጀርባው አድርጎ አይቀመጥ፤ ፊቱ ስለሚጨልም ከንፈር እያዩ የሚሰሙ ይቸገራሉ። ስም በትልቅ ፊደል ተጽፎ በሁሉም ደረት ላይ ይለጠፍ፣ በአስተባባሪዎቹም ጭምር።

ትልቁ ሥራ ማስታወሻ ደብተርን ማስለመድ ነው። ደብተር ማደል ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እዚያው ቡድኑ ውስጥ ቀጠሮ ይስጡ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሚያዘውን ዕቃ ሁሉም ይጻፍ፣ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ። «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» የተባለ ነገር አይጻፍም። ደብተሩ የሚታየው ከቁርስ በኋላና ከመኝታ በፊት ይሁን፤ ይህ ልማድ ሳይጸና ስልክም ሆነ ሌላ መሣሪያ አይጨምሩ።

አባላቱ ደብተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያስታውሱ ቦታውን ነግረው ወዲያው ይጠይቁ፣ ከዚያ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ። ከጠፋባቸው መልሱን ወዲያው ነግረው ያስደግሟቸው፤ ቀጥሎም በትክክል ወደመለሱበት የጊዜ ርቀት ይመለሱ። እንዲገምቱ አይገፋፉ፤ በግምት የወጣ ስህተት ራሱ አእምሮ ውስጥ ይቀራል።

«ትናንት ማን መጣ?» እያሉ መፈተን ሰውን ያሸማቅቃል፤ የተሸማቀቀ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። በምትኩ «ደብተሩ ምን ይላል? አብረን እንየው» ይበሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁና እስከ 10 እየቆጠሩ በዝምታ ይጠብቁ። ዝምታውን መቋቋም ይከብዳል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤተሰብ ከአባላቱ አጠገብ ከተቀመጠ በእነሱ ፈንታ ይመልሳል። ስለዚህ በሌላ ክፍል ለብቻው ይወያይ፣ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ይቀላቀል፤ ያኔ አባላቱ ራሳቸው የጻፉትን ያሳዩት።

በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ግራ የተጋባ አባል ካለ «ችግሩ ብሶበት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።