የዋሽንቱ ትንፋሽ ለምን ዝናብ ዝናብ ይላል? የኖይዝ ኦሲሌተር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደሴ ላይ ቅንብር ስንሠራ ዋሽንት ነፊ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ዋሽንቱን በሶፍትዌር ሲንተሳይዘር እንሠራለን፤ ትንፋሹን የምናመጣው በኖይዝ ኦሲሌተር፣ ማለትም የሽሽታ ድምፅ በሚያወጣው የሲንተሳይዘሩ ክፍል ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝትም የአገርም ስም በሆኑበት ወሎ ተቀምጦ ትንፋሽ የሌለው ዋሽንት ማውጣት ያሳዝነኛል።

ትንፋሹ ከዜማው ጋር አልዋሃድ ሲል

በብዛት የሚያስቸግረው ይሄ ነው። የጦሳ ጉም ወርዶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሥሩ ተቀምጦ ዋሽንት እንደ መስማት ነው፦ ዜማው ለብቻው፣ ሽሽታው ለብቻው። ድምፁን መቀነስ አይፈታውም፤ ሲቀንሱት ጭራሽ ይጠፋል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ነጭ ኖይዝ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ጉልበት ስላለው የራሱ ኖታ የለውም፤ የትኛውንም ቁልፍ ብትነኩ ያው ነው። እውነተኛው ሸምበቆ ግን ትንፋሹንም ስለሚያስተጋባው ትንፋሹ ከዜማው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለተኛው ምክንያት ኖይዙና ዜማው አንድ ኢንቨሎፕ (ድምፁ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንደሚቆይና እንደሚጠፋ የሚወስነው ማስተካከያ) መጋራታቸው ነው፤ አብረው ጀምረው እኩል ይቆያሉ። ነፊ ሲነፋ ልብ ብላችሁ ስሙ፦ መጀመሪያ አየሩ የሸምበቆውን አፍ ይመታል፣ ከዚያ ድምፁ ይያዛል፣ ትንፋሹም ከሥር ቀጥኖ ይቀራል።

መፍትሄው፦ ኖይዙን በባንድፓስ ፊልተር (ከላይና ከታች ቆርጦ መሃሉን ብቻ በሚያሳልፈው) አሳልፉት፣ ፊልተሩ የምትነኩትን ኖታ እንዲከተል ኪ ትራኪንጉን 100 በመቶ አድርጉት። ሬዞናንሱን (ፊልተሩ ያረፈበትን ፍሪኩዌንሲ የሚያጎላውን) ኖታው ከሩቅ እስኪሰማ ብቻ ጨምሩ፤ ከበዛ ፉጨት ይሆናል። ከዚያ ለኖይዙ የራሱን ኢንቨሎፕ ስጡት፦ አታኩ (መነሻው) ዜሮ፣ ዲኬዩ (ከመነሻው የሚወርድበት ጊዜ) ከ60 እስከ 100 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴይኑ (ቁልፉ እስካልተለቀቀ የሚቆይበት መጠን) ዝቅ ያለ። የዜማው ኦሲሌተር አታክ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሁን። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ዝግ ባለ ትዝታ ላይ እኔ የዜማውን አታክ ረዘም አደርገዋለሁ። ቬሎሲቲውንም ከኖይዙ መጠን ጋር አገናኙት፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትነኩ ትንፋሹ ይበረታል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ኖይዙ ፊልተሩን ሳይነካ በቀጥታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ሴረም በሚባለው የሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ላይ ለምሳሌ ፊልተሩ ውስጥ ያለው የኖይዝ ቁልፍ መብራት አለበት።

ቾርድ ሲያዝ ኖይዙ ሲያይል

እያንዳንዱ ኖታ የራሱን ኖይዝ ያወጣል። አራት ቁልፍ ሲያዝ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ኖይዙ ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ሆኖ ሁሌ ከአንድ ቦታ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ እስከ 12 ይደርሳል። መነሻውን ራንደም አድርጉት። ለዋሽንት ግን ከሁሉም የሚሻለው ሞኖ (በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ) ነው፤ ነፊው ያለው አንድ አፍ ነውና።

ጆሮ ሲወጋ

ነጩን በፒንክ ኖይዝ ቀይሩት። በየኦክታቩ 3 ዴሲቤል እየቀነሰ ስለሚሄድ ላይኛው ክፍል ይለዝባል።

ጭብጨባው አንድ ሰው ብቻ ሲመስል

የወሎ ጭብጨባ የብዙ እጅ ነው፤ እጆቹም በአንድ ቅጽበት አያርፉም። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮላንድ 808 ከበሮ ማሽን ይህን በኖይዝ ሠርቶታል፦ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ልዩነት የሚከታተሉ አጫጭር ፍንጣቂዎች፣ ከኋላቸው ረዘም ያለ ጅራት። እናንተም ባንድፓሱን 1 ኪሎኸርዝ አካባቢ አድርጉና ሦስት አራት ቅጂ ጥቂት ሚሊሰከንድ እያዛነፋችሁ ግራና ቀኝ በትኗቸው። በግሪዱ (በሶፍትዌሩ የምት መስመሮች) ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትደርድሩ፤ ሕይወቱ ያለው መዛነፉ ላይ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ ሆኖ ስልክ ላይ ሲንቦጫረቅ

ሲንተሳይዘሩን አትንኩ፣ ጥፋቱ የመጭመቁ ነው። ኖይዝ የሚደጋገም ቅርጽ ስለሌለው በዝቅተኛ ቢትሬት (በሰከንድ ትንሽ መረጃ ብቻ ተይዞ) ሲጨመቅ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። በቴሌግራም ስትልኩ የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትቅዱት፤ ያልተጨመቀውን ዌቭ ወይም ባለ 320 ኪሎቢቱን ኤምፒስሪ በፋይል ላኩ።