ስንጥቁን ከመድፈናችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉ

የቤታችሁ መሠረት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ሲሚንቶ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ መሠረቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ነው። ከአሸንዳ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ከተኛ አፈሩ ይላላል። ስለዚህ አፈሩን ከቤቱ ወደ ውጭ ተዳፋት አድርጉት።

ስንጥቁ ካልጨመረ በመሮ ትንሽ ከፈት አድርጉት፤ አቧራውን በብሩሽ ጥረጉና በውሃ አርጥቡት። ይቺን ማርጠብ እንዳትዘሏት! ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣውና ሙሌቱ ይላቀቃል። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ አቡክታችሁ ጠቅጥቁበት፤ ለጥቂት ቀናት ውሃ አጠጡት።

ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሰፋ ወይም እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ ስንጥቅ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ለመሐንዲስ አሳዩ።